ሁለተኛው መተንፈሻ

አባቴ በዳዳ ባሕር በሌለበት ከተማ ተቀምጦ የባሕር ጠላቂዎችን መተንፈሻ የሚጠግን ሰው ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ድሮ እኔም እየሳቅኩ ነበር የማወራው። ቤታችን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ የእንጦጦ ዳገት የሚጀምርበት ላይ ነበር፤ ከባሕር ጋር የሚያገናኘን ነገር ቢኖር በጓሯችን የቆመው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው።

ሥራውን ያገኘው እንዲህ ነው። በወጣትነቱ ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ሙያ ተማረ። ከዚያ ምጽዋ ወርዶ፣ በጣሊያንና በእንግሊዝ ጦርነት ጊዜ ወደቡ ውስጥ የሰጠሙ መርከቦችን እየቆራረጠ ብረታቸውን የሚሸጥ አንድ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። የምጽዋ ሙቀት ግን አልተስማማውም። ሁለት ዓመት ሲታመም ከርሞ ሊሰናበት ሲል አለቃው እጁን አለቅም አለ። እዚያ ጨውና ሙቀቱ የመተንፈሻዎቹን ጎማ ይበላዋል፤ የሚያስተካክላቸውም ሰው አልነበረም። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ በጭነት መኪና አንድ የጣውላ ሳጥን አዲስ አበባ ይመጣል፤ አባቴ መተንፈሻዎቹን ቤቱ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ አስተካክሎ መልሶ ይልካል። ምሳ የምንበላበት ጠረጴዛና የጠላቂዎቹ ነፍስ የሚያድርበት ጠረጴዛ አንድ ነበር።

መተንፈሻው የሳህን ያህል ስፋት ያለው ክብ የናስ ዕቃ ነው። ከግራና ከቀኙ የተሸበሸቡ ሁለት የጎማ ቱቦዎች ይወጣሉ፤ ቱቦዎቹ ጠላቂው በጥርሱ የሚይዘው ጎማ ላይ ይገናኛሉ። ሰውየው አየር የታመቀበትን ብረት ይሸከማል፣ ናሱ ያንን አየር በልኩ እየቆነጠረ ይሰጠዋል። ውስጡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ክብ ጎማ አለ። ጠላቂው ሲስብ ጎማው ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ ከሥሩ ያለችውን የብረት ምላስ ይጫናል፣ ምላሷ ቀዳዳውን ትከፍታለች፣ አየር ይመጣል። ነገሩ ይኸው ነው። ያቺ ልጣጭ ከተበላሸች አየር የለም።

ይህን ሁሉ የማውቀው ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠረጴዛው ማዶ ወንበር ላይ ተንበርክኬ ስለማይ ነው። አባቴ ከመጀመሩ በፊት እጁን በሳሙና ሦስት ጊዜ ይታጠባል። እናቴ አስካለች ከወጥ ቤት ብቅ ስትል ገና ከበሩ፣ «እዚያው! እዚያው ሁኚ» ይላታል።

«ምነው፣ መቅደስ ነው እንዴ?» ትላለች እናቴ። «እንዲህ ከሆነስ ለምን ቅስና አትቀበልም?»

እኔም ለክብር የሚታጠብ ይመስለኝ ነበር። ጎማውን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር ይፈልጋል። የምላሷን ከፍታ ራሱ ከጣሳ ቆርጦ በሠራት መለኪያ ይለካል። ሞላውን በካቻቪቴ ሩብ ዙር ያጠብቀዋል፣ ይስባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ መልሶ ትንሽ ያላላዋል። «ከጠበቀ ሰውየው አየር ሊለምን ነው። ከላላ ደግሞ አየሩ ሳይፈለግ ይፈስሳል» ይለኛል። በመጨረሻ ከምጽዋ ከምትላክለት ትንሽ ጣሳ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጭ ቅባት በክብሪት እንጨት ጫፍ አውጥቶ ብረቱ ከብረት የሚገናኝበት ላይ ያደርጋል።

የመጨረሻው ፈተና የእኔ ነው። አባቴ አየር የሚገባበትን በአውራ ጣቱ ይደፍናል፤ እኔ ጎማውን ነክሼ በኃይል እስባለሁ። ቀዳዳ ከሌለ ምንም አይመጣም፣ ከንፈሬ ብቻ ጎማው ላይ ይጣበቃል።

«መጣልሽ?»

«አልመጣም!»

«ጎሽ!»

በሕይወቴ ብዙ ሰው አመስግኖኛል። እንደዚያች «ጎሽ» የጣፈጠኝ የለም፤ የቀሰፈችኝም እሷው ናት።

ቀጀላ የሠፈራችን ልጅ ነበር። ዋና የተማረው ቀበና ወንዝ ውስጥ ነው። አባቴ ነው ድርጅቱን «ይህ ልጅ ዓሣ ነው» ብሎ ጠላቂ አድርጎ ያስቀጠረው። በ1954 ዓ.ም. ለጥምቀት ዕረፍት ወስዶ መጣ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። መተንፈሻውን አፉ ውስጥ ከትቶ፣ ቱቦዎቹን እንደ ቀንድ አቁሞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ዶሮዎቻችንን በግቢው ሲያሯሩጣቸው እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ «አንተ ልጅ! እንቁላል መጣል ሊያቆሙብኝ ነው!» ትለው ነበር። ሚስቱ ሙሉነሽ ሕፃን አዝላ አጥሩ ጋ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

ምሳ ስንበላ ቀጀላ፣ «ጋሼ በዳዳ፣ የእርስዎ እጅ ያልነካውን መተንፈሻ እኔ ጥርሴ ላይ አላደርገውም» አለ።

አባቴ ምስጋና አይችልበትም። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰው።

በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ሁለት መተንፈሻ ሠርቶ ጨርሶ ነበር። አንዱን ቀጀላ በእጁ ይዞት ሄደ፤ ሁለተኛው የጭነት መኪናውን እንዲጠብቅ በሳጥን ሆኖ እኛ ቤት ቀረ፤ መኪናው ግን በዚያ ሰሞን ሳይመጣ ከረመ። አባቴ በር ላይ ቆሞ የቅባቷን ጣሳ ባዶነት አሳየው። «አልቋል። ለእነዚህ ለሁለቱ አብቃቅቻለሁ፤ ስትደርስ አስልክልኝ» አለው። «እሺ ጋሼ» አለና ዳገቱን እየሮጠ ወረደ። ከዚያ በኋላ አላየነውም።

በመጋቢት ቴሌግራም መጣ። ቀጀላ ምጽዋ ወደብ ውስጥ ሞተ። ሬሳው ተንሳፍፎ ሲገኝ መሣሪያው ጀርባው ላይ አልነበረም፤ እዚያ ታች ፈትቶ ጥሎት የወደቡ ጭቃ ውጦታል። ጠላቂ መሣሪያውን የሚጥለው አየር ሲያጣ ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ ደንግጦ ይሆናል አሉ። መቼም ሰው ሲሞት ሁሉም አዋቂ ነው። የቀጀላ ታላቅ ወንድም ኢቲቻ ከለቅሶው ድንኳን ወጥቶ አባቴን አጥራችን ጥግ ይዞ በኦሮምኛ ሲያናግረው አየሁ። ፍጥነቱ ግማሹን አስጥሎኝ ሄደ። የያዝኩት «አንተ» የሚለውንና «እጅህ» የሚለውን ነው።

ከሳምንት በኋላ ከድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። አባቴ ለእናቴ ሲነግራት ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«ሁለቱን በአንድ ቀን በአንድ እጅ ነው የሠራኋቸው። ያኛው ጠፍቷል። መሐንዲሱ መጥቶ ይህኛውን ሙሉነሽና ኢቲቻ ባሉበት ይከፍተዋል። ይህ ደህና ሆኖ ከተገኘ ያኛውም ደህና ነበር ማለት ነው። እንከን ከተገኘበት ግን…» አለና አልጨረሰውም።

«ደህና ሆኖ ይገኛል» አለች እናቴ። «ያንተን ሥራ አላውቀውም እንዴ?»

«እስከዚያ እንደማልነካው ለኢቲቻ ምያለሁ። በኋላ አጸዳው እንዳይሉኝ።»

እኔ የገባኝ እንግዳ እንደሚመጣና መተንፈሻው አምሮ መታየት እንዳለበት ነው። ቢያምር አባቴ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ቅዳሜያችንም ይመለሳል። መሐላውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። አባቴ መተንፈሻውን ከነሳጥኑ አልጋ ሥር አግብቶ ቅዳሜ ሲመጣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደጅ ይቀመጥ ጀመር። ከዕቃው ጋር የተኳረፈ ነበር የመሰለኝ። ወር አለፈ። አልጋ ሥር ገብቼ ቱቦውን ስነካው ደረቅ ነው። ቅባቱም እንዳለቀ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ፋሲካ ገባ። እናቴ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ከላማችን ወተት የናጠችውን ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ጭና በሁለት እጇ አሸችኝ። እኛ ቤት ለበዓልም ለእንግዳም የማይቀባ ነገር አልነበረም፤ ፀጉር ይቀባል፣ የመሶቡ ቆዳ ይቀባል፣ የአባቴ ቀበቶ ይቀባል። ደረቅ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ቅቤ ነው። እንዲህ ተብዬ ነው ያደግኩት።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ገበያ ሄደች፤ አባቴ ቀጀላን ያስቀጠረው እሱ ነውና ስለ ሞቱ የመጣ ወረቀት ሊፈርም ወጣ። እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። ቡሎኖቹን በካቻቪቴ ፈትቼ እንደ አባቴ በነጭ ጨርቅ ላይ በተራ ደረደርኳቸው። ያቺን የሳሳች ጎማ አውጥቼ እስክታበራ ድረስ ከፊትም ከኋላም ቅቤ ቀባኋት። ምላሷን ቀባሁ። ሞላውን ቀባሁ። የአየሩን ቀዳዳ በጣቴ ጫፍ ቀባሁ። ሁሉንም መልሼ ገጠምኩ፣ በአውራ ጣቴ ደፈንኩና ሳብኩ።

አልመጣም። «ጎሽ!» አልኩ ለራሴ።

መሐንዲሱ የመጡት ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ሽበታም ፈረንጅ ነበሩ፣ ሙሴ ነው የምንላቸው፤ ከአዲስ አበባው ቢሮ የሚያስተረጉምላቸው አቶ አብዱልናስር የሚባል ጸሐፊ አብሯቸው መጥቷል። ኢቲቻ ቆሞ ቀረ። ሙሉነሽ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ልጇን ይዛ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እኔ እናቴ ጠዋት ደግማ ቀብታኝ አናቴ ላይ የተቀመጠው ቅቤ በቤቱ ሙቀት እየቀለጠ ወደ ጆሮዬ ይወርዳል።

አባቴ ሳጥኑን ጎትቶ አወጣ። «እንደተውኩት ነው» አለ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም። ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ሲቆም አየሁት።

ሙሴው መሐረባቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ቡሎኖቹን ፈቱ። ክዳኑ ሲነሣ የገማ ቅቤ ጠረን ቤቱን ሞላው። ጎማዋ ተነፍታ፣ ተልሞስሙሳ ምላሷ ላይ ተጣብቃለች፤ ሲያነሷት ተለጥጣ መጣች። ሙሴው ጣታቸውን አሸተቱ። አንድ ነገር ተናገሩ። አቶ አብዱልናስር መጀመሪያ አባቴን አየት አደረገው።

«ምን አሉ?» አለ ኢቲቻ።

«ቅቤ ነው ይላሉ። በቅቤ የተቀባ መተንፈሻ ሰው ይገድላል ይላሉ። ማን ነው የቀባው ብለው ይጠይቃሉ።»

እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን ነው። «ማን ነው የቀባው?» የምመሰገንበት ሰዓት ደረሰ አልኩ።

አባቴ ጎማዋን አየ። ረዥም ጊዜ አያት። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ፤ ጆሮዬ ላይ የሚወርደውን ቅቤ፣ ቀጥሎ እጆቼን። አፌን ከፍቼ «አባዬ…» ስል አምባረቀብኝ።

«ዲንቄ! ውጪ! ለእንግዶቹ ውሃ አምጪ!»

ጮኾብኝ አያውቅም ነበር። ከበሩ ሳልርቅ ድምፁን ሰማሁት።

«ከእኔ በቀር ማን ይነካዋል? የቀባሁት እኔ ነኝ።»

«ያኛውንም?» አለ ኢቲቻ።

የሰማሁት አባቴ የሳጥኑን ክዳን ሲዘጋው ብቻ ነው።

ሙሉነሽ አልጮኸችም። ሁልጊዜ «እርስዎ» እያለች የምታነጋግረው ሴት ያን ቀን፣ «በዳዳ፣ ከእጅህ ጎርሶ እኮ ነው የሄደው» አለችው። «ከእጅህ ጎርሶ!» ልጇን አቅፋ በአጠገቤ አለፈች፤ ቀሚሷ ፊቴን ነካኝ። እኔ ጣሳውን ይዤ ግድግዳው ሥር አለቅስ ነበር። ለእሷ አይደለም፣ ለቀጀላም አይደለም። አባቴ ሥራዬን ስለቀማኝ ነው የማለቅሰው።

ድርጅቱ አባቴን አሰናበተው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ለሙሉነሽ ካሣ ይሁን አሉና ላማችን በዳገቱ ተነድታ ሄደች፤ ቅቤው የወጣባት ራሷ። አባቴ ቀበና ድልድይ አጠገብ ቆርቆሮ ተክሎ የነጭ ጋዝ ምድጃ ጠጋኝ ሆነ። ሰዎች ምድጃ ሲያመጡለት እንኳ «ቅቤ እንዳትቀባብኝ» እያሉ ይቀልዱበታል። ሰው ክፉ ነው፤ በሚያቆስለው ቦታ ላይ ነው የሚስቀው።

እኔ ቂሜን ይዤ አደግኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶሽ እንዴት አልገባሽም ትሉኝ ይሆናል። የቀጀላ ነገር ቤታችን ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም፤ ያልተነሣ ነገር ደግሞ በገባበት ዕድሜ ይቀራል። መተንፈሻው ተበላሽቶ እንደተገኘ አውቃለሁ፤ ቅቤውን በደግ ሥራ መዝግቤ ስላኖርኩት ሁለቱ አእምሮዬ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም።

በዚያው ዕድሜዬ አንድ ቀን ምሳ አደረስኩለት። ሙሉነሽ በድልድዩ ስታልፍ አባቴ እንደ ልማዱ ሥራውን ጥሎ ተነሥቶ እጅ ነሣት። ዞር ብላም አላየችው። እልህ ያዘኝ።

«ምን አድርገሃት ነው የምትነሣላት?» አልኩት። «ውሸታም ነህ! ያን ጊዜም ለሙሴው ዋሽተሃል። መተንፈሻውን የቀባሁት እኔ ነኝ! ሥራዬን ቀምተህ ምን ተጠቀምክ?»

አባቴ የያዘውን ምድጃ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ጎማ ቅቤ አይወድም፣ ልጄ» አለ። «ያብጣል፣ ይልሞሰሞሳል። እጄን ሦስት ጊዜ የምታጠበው፣ እናትሽንም የማላስጠጋት ለዚያ ነበር።»

«አንተ… እኔ መሆኔን ታውቅ ነበር?»

«ቅቤው ጆሮሽ ላይ ይወርድ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ልጄ ናት ብል ማን ያምነኛል? በሕፃን አሳበበ ነው የሚሉት። ኢቲቻ ደግሞ እንግዲያው ትማል ይል ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሚካኤል ደጃፍ አቁሜ ላስምል?» ጣቶቹን ተራ በተራ በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። «እኔን የሚያቃጥለኝ እሱ አይደለም። ቀጀላ በእኔ ጥፋት ይሙት በራሱ ዕጣ፣ እኔም አላውቅም፣ ዲንቄ። አሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ነኝ። እውነቱን የምትነግረኝ ሁለተኛዋ መተንፈሻ ብቻ ነበረች።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ስሙን ብቻ አልነበረም የወሰድኩበት። ራሱን የሚያምንበትን ነገር ነው የወሰድኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ፤ አንገቴን ስሞ ምሳውን ከፈተ።

«እኔ ስሞት ለሙሉነሽ ንገሪያት» አለኝ እየጎረሰ። «አሁን ተያት። ልጇን የምታሳድገው እኔን በመጥላት ብርታት ነው።»

አባቴ በ1979 ዓ.ም. ሞተ። ሙሉነሽ ለቅሶ አልመጣችም። በአርባው ማግስት በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በዓመቱም ሄጄ ተመለስኩ። በወር በወሩ ለሚካኤል ደጀ ሰላሙ ላይ እንገናኛለን፤ ጉልበቷን እስማለሁ፣ ትመርቀኛለች፣ ቃሉ አፌ ውስጥ ይመጣና ይመለሳል። ምክንያት ሞልቶኝ ነበር። አንድ ጊዜ ልጇ ሊያገባ ነው አልኩ፣ አንድ ጊዜ አሟታል አልኩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አርጅታለች አልኩ። እውነቱ ፍርሃት ነው። እንዲህ እያልኩ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆነኝ።

ባለፈው ወር አስጠራችኝ። አልጋ ላይ ናት፤ ለራስ ምታቱ ይሆናታል ብለው ሽበቷ ላይ ለጋ ቅቤ አድርገውላታል፣ ቀልጦ ጆሮዋ ላይ ይወርዳል። ጠረኑ ከበሩ ተቀበለኝ።

«ዲንቄ፣ ቅረቢ» አለች። እጄን ያዘችኝ። «መሄጃዬ ነው። ቂም ይዤ መሄድ ፈራሁ። አባትሽ በዳዳ ቀጀላዬን ገድሎብኛል፤ እግዜር ያውቃል ገድሎብኛል። ግን ይቅር ብዬዋለሁ። ስለ እሱ ሆነሽ ተቀበይኝ።»

«እትዬ ሙሉነሽ…» አልኩ። እንባዬ እጇ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

በቀጭን ጣቷ ጉንጬን ጠረገችልኝ።

«አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?» አለች። «አንቺ ምን አጠፋሽ? ሕፃን ነበርሽ። በይ፣ አሜን በይልኝ።»

አሜን አልኳት።